ሥራ፣ ክህሎትና ደመወዝ፦ ስለ ኢትዮጵያ የሥራ ገበያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሥራ ፈላጊዎች፣ አሠልጣኞችና ቀጣሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የሕግ ቁጥሮቹ ሥራ ላይ ካለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና ተያያዥ ሕጎች የተወሰዱ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የአዋጁ ድንጋጌዎች እነሱን አይመለከቱም።

ሥራ አጥነት 8 በመቶ ነው ይባላል። ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ ለምን ሥራ ፈላጊ ሆነ?

8 በመቶ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት ለመላ አገሪቱ የተገኘ አማካይ ነው። አማካዩ ውስጥ ገጠሩ አለበት። በአባቱ ማሳ የሚያርስ፣ ከብት የሚጠብቅ ወጣት የራሱ ገቢ ባይኖረውም ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ከተማውን ነጥለን ስናይ ሥዕሉ ይለወጣል፤ የከተማ ሥራ አጥነት በ2010 ዓ.ም. 19.1 በመቶ፣ በ2012 ዓ.ም. 18.7 በመቶ ነበር። የሴቶቹ ድርሻ ደግሞ ከወንዶቹ እጥፍ በላይ ነው።

ሌላው ነገር የቆጠራው መስፈርት ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ሁለት ቀን ሲሚንቶ ተሸክሞ አምስት ቀን ተራ ሲጠብቅ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ጠዋት ጉልት ዘርግታ ከሰዓት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ እናት፣ ሁለቱም በሠንጠረዡ ላይ ሥራ አላቸው። ስለዚህ «ስንት ሰው ሥራ የለውም?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ስንቱ ሠርቶ አይጠግብም?» የሚለው ለእኛ አገር ይበልጥ ይናገራል። ለዚህኛው ግን በየዜናው የሚነገር አንድ ቁጥር የለም።

መንግሥት በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሥራ ተፈጠረ ይላል። ምን ማለት ነው?

በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ያህል ወጣት ወደ ሥራ ገበያው ይገባል ተብሎ ይገመታል። የቀድሞው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ያወጣው ዕቅድ እስከ ፈረንጆቹ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን፣ እስከ 2030 ደግሞ 20 ሚሊዮን ሥራ መፍጠርን ግብ አድርጎ ነበር። ኮሚሽኑ፣ የሠራተኛ ጉዳዩ እና የቴክኒክና ሙያው ዘርፍ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተው ዛሬ የምናውቀው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆነዋል።

ሪፖርት ሲነበብ ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ስንቱ ቋሚ ስንቱ ጊዜያዊ ነው? ለሦስት ወር የኮብልስቶን ንጣፍ የተቀጠረም ሰው ዕድል ተፈጥሮለታል ይባላል። ሁለተኛ፣ በዓመቱ የጠፋው ሥራ ተቀንሷል ወይ? ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የገባው እንጂ የወጣው አይደለም።

ዲግሪ ይዤ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለግኩ። ችግሩ የኔ ነው የትምህርቱ?

በአብዛኛው የሁለቱ አለመገናኘት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች 70 በመቶ ተማሪያቸውን በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲቀበሉ ተደረገ። ሐሳቡ ኢንዱስትሪው መሐንዲስ ይፈልጋል የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ከፋብሪካው ቀድሞ አደገ። ላቦራቶሪና ወርክሾፕ ያልተሟላላቸው ክፍሎች ተመራቂ ማፍራታቸውን ቀጠሉ፣ ቀጣሪውም በወረቀቱ መተማመን አቆመ። «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው፤ ቀጣሪ አዲስ ተመራቂን የሚያሠለጥንበትን ወጪ ወደ ሌላ ሰው ማሻገር ይፈልጋል።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው አንዱ መልስ የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ይልቅ የወደቁት በለጡ። ፈተናው የዲግሪውን ክብር ለመጠበቅ ይረዳል። ሥራ ግን አይፈጥርም፣ እጅንም አያፍታታም።

ተመራቂው በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ከዲግሪው ጋር አንድ በእጅ የሚታይ ሙያ መጨመር ነው። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ በሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር፣ የሲቪል ተመራቂ በሥራ ዝርዝርና ልኬት፣ የኤሌክትሪክ ተመራቂ በሞተር ጥገናና በመስመር ዝርጋታ። ብዙዎች ዲግሪ ይዞ ወደ ቴክኒክና ሙያ መውረድ ያሳፍራቸዋል። በጋራዥና በግንባታ ሥራ ያለው ገቢ ግን ይህን ሐፍረት አይደግፍም።

12ኛ ክፍል ፈተና አላለፍኩም። መንገዱ ተዘጋ?

በዚህ ብቻዎን አይደሉም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከፊሉ በማካካሻ ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ለቀረው ሰፊው በር ቴክኒክና ሙያ ነው፤ ደረጃ 1 እና 2 መሠረታዊ የእጅ ሥራ፣ ደረጃ 3 እና 4 ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ፣ ደረጃ 5 ደግሞ ሥራ የሚመራና የሚያቅድ ሰው የሚያፈሩ ናቸው።

ኮሌጅ ሲመርጡ ስሙን ሳይሆን ወርክሾፑን ይዩ። ብየዳ የሚማሩ ከሆነ ስንት የብየዳ ማሽን ይሠራል? ኤሌክትሮድና ላሜራ በሴሚስተሩ መሃል ያልቃል ወይ? አንድ ማሽን ለ30 ሰው ከሆነ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚያገኘው የእጅ ልምምድ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሥልጠናው 70 በመቶ በተግባር፣ 30 በመቶ በንድፈ ሐሳብ ይሆናል የሚለው መርሕ የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው፤ ዕቃ ሲጠፋ ተግባሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ይመለሳል።

ሲኦሲ ምንድን ነው? ሰው ለምን ይወድቃል?

የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ከኮሌጁ ዲፕሎማ ይለያል፤ ዲፕሎማው ትምህርቱን መጨረስዎን፣ ሲኦሲው ሥራውን መሥራት መቻልዎን ይመሰክራል። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ሁለት ክፍል አለው፣ የሚለካውም ለሙያው በተዘጋጀው የሙያ ደረጃ ሰነድ ነው። ውጤቱ በመቶኛ አይነገርም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይሰጣል።

በጽሑፉ አልፈው በተግባሩ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ምክንያቶቹ ተራ ይመስላሉ፦

የመጀመሪያው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጓንትና መነጽር ሳያደርግ ብየዳ የጀመረ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ሳያቋርጥ ሽቦ የነካ ሠልጣኝ የሠራው ነገር ያማረ ቢሆንም መዛኙ ያስቆመዋል። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ አንድን ሥራ በሁለት ቀን ሲሠራ የኖረ ሰው በምዘና ቀን የተወሰነለት ሰዓት ያልቅበታል። ሦስተኛው መመሪያውን አለማንበብ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ልኬት በሴንቲ ሜትር ያነበበና በሚሊ ሜትር የተሰጠ መሆኑን ያላስተዋለ ብዙ አለ። ደግሞ በማያውቁት ማሽን ፊት መቆም አለ፤ የምዘና ጣቢያው መሣሪያ ከኮሌጁ ይለያል፣ ከተቻለ ከቀኑ በፊት ሄዶ ማየት ግማሽ መድኃኒት ነው።

ለመዘጋጀት የሙያ ደረጃ ሰነዱን ከኮሌጁ ወይም ከብቃት ምዘና ማዕከሉ ይጠይቁ። እያንዳንዱ የብቃት አሐድ ሥር የተዘረዘሩትን ተግባሮች አንድ በአንድ እየሠሩ ምልክት ያድርጉ። ምልክት ያላደረጉበት ሁሉ የሚወድቁበት ቦታ ነው።

ኮሌጅ አልገባሁም፣ ግን አሥር ዓመት አናጢ ነኝ። መመዘን እችላለሁ?

ይችላሉ። ሥርዓቱ ሙያው የት ተገኘ ብሎ አይጠይቅም፤ ከአባት፣ ከጋራዥ ወይም ከግንባታ ቦታ የተማረም ይመዘናል። አስቸጋሪው የጽሑፉ ክፍል ነው። እጁ የተካነ ባለሙያ የዕቃዎቹንና የሥራውን መደበኛ ስም ስለማያውቅ ይሰናከላል፤ በልማድ ስሙ የሚጠራውን ዕቃ በመጽሐፉ ስም ሲጠሩበት አያውቀውም። አንድ የደረጃ 2 ወይም 3 ሠልጣኝ ጎን ተቀምጦ ሁለት ሳምንት ቃላቱን ማጥናት ይበቃል።

በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ እንዴት ልመዝገብ?

በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ፎቶና የጣት አሻራ ይሰጣሉ፣ የትምህርትና የሙያ ማስረጃ ይገባል፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ያገኛሉ። የፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ይዞ መሄድ ነገሩን ያፋጥናል።

እዚህ ላይ ሰው የሚጉላላው በስም ነው። በትምህርት ማስረጃው «ገብረመድኅን»፣ በመታወቂያው «ገ/መድህን»፣ በፓስፖርቱ ደግሞ በላቲን ፊደል ሌላ አጻጻፍ። የአያት ስም አንዱ ላይ ይኖራል አንዱ ላይ የለም። የልደት ዘመኑም በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለባበጥ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ከመመዝገብዎ በፊት ሁሉንም ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያዩ፤ መጀመሪያ ፋይዳውን ያስተካክሉ፣ ሌላውን በሱ ያስከትሉ።

ስልክ ሲቀይሩም መረጃውን ያድሱ። ቀጣሪ ሁለቴ ደውሎ ካጣዎት ወደ ቀጣዩ ሰው ይሄዳል።

በማኅበር ተደራጅቶ መበደር ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ግን የሚያዋጣው ሥራው ሲኖር እንጂ ብድሩ ሲኖር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ የወጣቶች ፈንድ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ገንዘቡ ተደራጅተው ለመጡ ወጣቶች ተበተነ፤ አመላለሱ ግን ደካማ ነበር። ብዙ ማኅበራት ብድሩን ለማግኘት ብቻ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ዶሮ እርባታ ሲመከር ሁሉም ዶሮ አረባ፣ የእንቁላል ዋጋ ወረደ፣ መኖው ተወደደ። አንዱ አባል ወደ ዓረብ አገር ሄደ፣ ሌላው ተቀጠረ፣ የተያያዘው የጋራ ዋስትና ግን ለቀሩት ሁለት ሰዎች ተረፈ። አንዳንዶቹም ገንዘቡን እንደ መንግሥት ስጦታ ቆጠሩት።

መደራጀት ከተፈለገ፦ አብረው ሠርተው የሚተዋወቁ ሰዎች ይሁኑ፤ አባል ሲለቅ ድርሻውና ዕዳው ምን እንደሚሆን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ ብድሩ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ደንበኛ ቃል የገባበት ምርት ይኑር። ሼድ (የመሥሪያ ቦታ) ከተሰጠም መብራቱ ስንት ፌዝ እንደሆነ ይጠይቁ። የእንጨት ማሽን ገዝቶ ሦስት ፌዝ የሌለው ሼድ ውስጥ አንድ ወር ተኩል የተቀመጠ ማኅበር ወለድ ብቻ ይከፍላል።

መሬትና ቤት የሌለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተሽከርካሪን፣ ማሽንንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት ማቅረብ ይችላል። አበዳሪው ሁሉ በሙሉ ልብ ባይቀበለውም ሕጉ አለና ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለ?

ለግሉ ዘርፍ የለም። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ወለሉን እንደሚወስን ይናገራል፤ በተግባር ግን የግሉ ዘርፍ እስካሁን ወለል አልተቆረጠለትም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል፤ ይህ የግል ቀጣሪን አያስገድድም።

ውጤቱ የታየው በኢንዱስትሪ ፓርኮች ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ለ60 ሺህ ሠራተኛ ታስቦ የተሠራ ነበር። ጀማሪ የስፌት ሠራተኛ በወር 750 ብር ገደማ ታገኝ ነበር። ከገጠር የመጣች ልጅ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ ቀለብ ገዝታ ለቤተሰብ መላክ አልቻለችም። ቀጣሪዎች «የፋብሪካ ባህል የላቸውም» አሉ። ሠራተኞቹ ግን ሒሳቡን አውቀውት ነው የሄዱት። አንዲት ሠራተኛ በወራት ውስጥ ስትለቅ ያሠለጠናት ፋብሪካ የሥልጠናውን ወጪና ገና የጨመረውን ምርታማነት ያጣል፤ ስለዚህ ርካሹ ደመወዝ ውድ ይሆናል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድል መውጣቷ ደግሞ ትዕዛዞችን ቀንሶ ሌላ ቀዳዳ ከፈተ።

ስቀጠር ምን ልፈትሽ?

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም መብቱ አይጠፋም። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።

የትርፍ ሰዓት ስሌት ብዙ የሚያጨቃጭቅ ነውና በቁጥር እንየው። ደመወዝ 6,000 ብር ከሆነ፣ በወር 26 ቀን በቀን 8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት ዋጋ 28.85 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 43.27 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 50.48 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 57.69፣ በበዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ 72.12 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከ6,000 ብር ላይ 420 ብር ተቆርጦ አሠሪው 660 ብር ይጨምራል። ደረሰኝ ላይ ተቆርጦ ወደ ፈንዱ ያልገባ ገንዘብ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው፤ በየዓመቱ ማረጋገጥ ይሻላል።

ሲለቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት። ከአሠሪው ጋር ተኳርፈውም ቢሆን።

ነፍሰ ጡር በመሆኔ ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

አይችሉም። በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት አራት ወራት ማሰናበት የተከለከለ ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር አለ። ይህን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ በመሆኑ አንዳንዱ ቀጣሪ ገና ሲቀጥር ወጣት ሴቶችን ያገላል። ሕጉ መብቱን ሰጥቶ ወጪውን በአንድ ትከሻ ላይ የጫነበት ቦታ ይህ ነው።

ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ምን ያስፈልጋል?

ዕድሜ ከ18 በላይ፣ ለሥራው የሚሆን ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ፓስፖርት፣ በሥርዓቱ የተመዘገበ የሠራተኛ መለያ፣ እና ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የተገኘ ውል። መዳረሻው አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ያለው መሆን አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትና ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ክትባት፣ ለልደትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ ለብቃት ማረጋገጫ ነው። «የቪዛ ግዢ» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቀ መንገዱ ሕጋዊ አይደለም። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ እዚያ ሥራ መያዝም ከለላ የሌለው መንገድ ነው።

በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር። ዕገዳው የዘጋው ኤጀንሲውን እንጂ ጉዞውን አልነበረም፤ ሰዉ በጂቡቲና በየመን በኩል ሄደ። ስለዚህ ነው ዛሬ ያለው አካሄድ ከመከልከል ይልቅ መመዝገብና ማሠልጠን ላይ ያዘነበለው።

ውሉ ሲመጣ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የዕረፍት ቀኑን፣ የመኖሪያውን ሁኔታና ስልክ የመያዝ መብቱን ያንብቡ። ቅጂውን ፎቶ አንስተው ከቤተሰብ ጋር ይተዉ።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይጠቅማል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረ ነጻ የኢንተርኔት ሥልጠና ነው፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርቶች አሉት። መነሻ ነው። ቀጣሪ የሚያየው ሰርተፍኬቱን ሳይሆን በሱ የሠሩትን ነገር ነው፤ አንድ የሚሠራ ትንሽ መተግበሪያ ከአራት ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ድርጅት አለኝ። የትብብር ሠልጣኝ (ከኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የሚላክ) ልቀበል?

ሸክም ነው ብለው የሚሸሹ ብዙ ናቸው፤ ሠልጣኝ ደግሞ ቡና አፍልቶና ወለል ጠርጎ ሲመለስ ሸክምነቱ ይረጋገጣል። ከኮሌጁና ከሠልጣኙ ጋር የሦስትዮሽ ውል ይፈርሙ። አንድ ነባር ሠራተኛ በስም ይመድቡና ለዚያ ሰዓት የምርት ኮታውን ይቀንሱለት፤ ይህ ካልሆነ ነባሩ ሠልጣኙን እንደ እንቅፋት ያየዋል። የሠልጣኙን የሥራ መዝገብ በየሳምንቱ ይፈርሙ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የትኛውን መቅጠር እንደሚፈልጉ ያውቁታል፤ ይህን መረጃ በየትኛውም የቃል ፈተና አያገኙትም።

አሠሪዬ መብቴን ቢነፍገኝ የት ልሂድ፣ እስከ መቼ?

መጀመሪያ ለአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ፤ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ቀኑ ግን ይሮጣል፦ ከሕግ ውጭ ተባርሬያለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ነገ ይጠሩኛል» እያሉ ሽማግሌ ሲልኩ አራተኛው ወር የገባባቸው ሰዎች ወደ ሥራቸው የመመለስ ጥያቄያቸው በይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ) ተዘግቶባቸዋል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ማመልከቻው ግን ቀድሞ ይግባ፣ ቅጂው ላይም የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይደረግበት።